ማኅተም በማኅተም ላይ፦ የአሜሪካ የነጋዴ ቶከን ከስፔን ብር እስከ ኮሎምበስ

ገንዘብ የሚያትመው መንግሥት ነው ብሎ ማሰብ ለዛሬ ሰው ቀላል ነው። የአሜሪካ ገበያ ግን እንዲህ አልጀመረም። አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ እንኳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሕዝቡ እጅ ከዞረው ብር ትልቁ ድርሻ በሜክሲኮና በፔሩ የተመታ፣ የስፔን ነገሥታትን ምስል የያዘ ነበር። የጎደለውን ዝርዝር ደግሞ አንጥረኛው፣ መድኃኒት ሻጩና ባለ ሱቁ በየራሳቸው መንገድ አሟሉት። አንዱ እጁ በገባው የባዕድ ሳንቲም ላይ ስሙን በመዶሻ መታበት፤ ሌላው የባዕዱን ሳንቲም እንደ ጥሬ መዳብ ቆጥሮ የራሱን ምስል ከላይ አተመበት። ሁለት ማኅተም የተሸከሙት እነዚህ ቁርጥራጮች የዚያን ዘመን ገበያ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ በተሻለ ቁልጭ አድርገው የሚያሳዩ ይመስለኛል።

ይህ ቅኝት ከቅኝ ግዛት ዘመን ተነሥቶ እስከ ዛሬው ሰብሳቢ ይዘልቃል፤ የሚመለከተውም ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ ነው። ኮሎምበስ በሳዮቶ ወንዝ ዳር በ1812 የተቆረቆረች፣ ከምሥራቁ ጠረፍ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የታሪኩ ትልቅ ምዕራፍ፣ ማለትም የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቶከን (ነጋዴው በገንዘብ ፈንታ ያወጣው ቁራጭ)፣ የተጻፈው በዚሁ ክፍለ ግዛት ነው፤ ያንን ምዕራፍ በሕግ የዘጋው የገንዘብ ሚኒስትርም ከዚህች ከተማ የሄደ ሰው ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው እጥረት ነው። ብሪታንያ ለአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ በቂ የብር ሳንቲም አልሰጠችም፤ ራሳቸው እንዲያትሙም አልፈለገችም። ክፍተቱን የሞላው የስፔን ባለ 8 ሪያል ብር ነው። ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር በሚደረገው የእንጨት፣ የዱቄትና የዓሣ ንግድ እየገባ ከቦስተን እስከ ቻርልስተን የሁሉም መለኪያ ሆነ። ዝርዝር ሲጠፋ ሰዎች ብሩን በመጥረቢያ ቆርጠው ስምንት ቁራሽ ያደርጉት ነበር። እዚህ ላይ ተንኮል ገባ፤ ቆራጩ አንዱን ብር አራት ሩብ በማድረግ ፈንታ አምስት «ሩብ» ያወጣለት ጀመር። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በአናፖሊስ ከተማ የነበረው አንጥረኛ ጆን ቻልመርስ በ1783 የራሱን ሽልንግ ያተመው ይህን ማጭበርበር አይቶ ነው። የስፔኑን ብር እየወሰደ በራሱ ስም የታተሙ ትንንሽ ሳንቲሞችን መልሶ ሰጠ። በኒው ዮርክ ደግሞ ኤፍሬም ብራሸር የተባለው የወርቅ አንጥረኛ የውጭ አገር የወርቅ ሳንቲሞችን እየመዘነ፣ ክብደታቸውን እያስተካከለ «ኢ ቢ» የሚሉትን የስሙን መነሻ ፊደላት ይመታባቸው ነበር። ያ ትንሽ ምልክት ዋስትና ነበር፤ ሳንቲሙን የተቀበለው ሰው የሚያምነው የንጉሡን ምስል ሳይሆን የጎረቤቱን አንጥረኛ ነበር። ብራሸር በ1787 ካተማቸው የራሱ የወርቅ ሳንቲሞች አንዱ በ2021 ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ከብር ወደ መዳብ ስንወርድ ታሪኩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ለእኔም ይበልጥ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ከነፃነት ጦርነቱ በኋላ ቨርሞንት፣ ኮኔቲከት፣ ማሳቹሴትስና ኒው ጀርሲ የራሳቸው የመዳብ ሳንቲም እንዲታተም አደረጉ። ኒው ጀርሲ በ1786 ለሦስት የግል ሰዎች ኮንትራት ሰጥታ 3 ሚሊዮን ሳንቲም አዘዘች። የፈረስ ራስና ማረሻ ያለበት ይህ ሳንቲም በሕግ ዋጋ ተቆርጦለት ነበር፤ የሌሎቹ መዳብ ግን በየጊዜው ዋጋው ይወርድ ነበር። በዚህ ልዩነት ውስጥ ትርፍ እንዳለ አታሚዎቹ ወዲያው አዩ። ጥሬ መዳብ ገዝቶ፣ አቅልጦና ዳምጦ ክብ እያደረጉ ከመቁረጥ ይልቅ በርካሽ የሚገኘውን የኮኔቲከት ሳንቲም ወይም የብሪታንያን አስመሳይ ግማሽ ፔኒ ሰብስቦ የፈረሱን ራስ ከላይ መምታት ይቀላል፤ ዋጋውም በዚያው ምት ከፍ ይላል።

ሰብሳቢዎች «የግመል ራስ» የሚሉት የ1787ቱ የኒው ጀርሲ ሳንቲም ለዚህ ዋና ምስክር ነው፤ አብዛኛው በሌላ ሳንቲም ላይ የታተመ ነው። በእጅ ይዞ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት መጀመሪያ የሚታየው ፈረሱ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ከአንገቱ ሥር የሌላ ሰው አገጭ መስመር፣ ከጠርዙ አጠገብ ደግሞ ከላይኛው ጽሑፍ ጋር የማይገጥም የፊደል ቁራጭ ብቅ ይላል። በደንብ ሳይደመሰስ የቀረው የታችኛው ምስል ነው። እነዚህን የኒው ጀርሲ ሳንቲሞች በዓይነት በዓይነታቸው ለይቶ በ1881 ያስመዘገበው ዶክተር ኤድዋርድ ማሪስ ሲሆን ቁጥሮቹ ዛሬም ይሠራባቸዋል። የመዳቡ ሩጫ ግን ብዙ አልዘለቀም፤ በ1789 በጋ ላይ የመዳብ ሳንቲም ዋጋ በድንገት ወድቆ ድሃውን ሸማች ባዶ እጁን አስቀረው። እስከዚህ ድረስ ያለው ዘመን የሚያሳየን የመንግሥት እጅ ደካማ፣ የአንጥረኛውና የኮንትራክተሩ እጅ ብርቱ የነበረበትን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው በ1792 የሳንቲም ሕግና በፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት ነው። አዲሱ ማተሚያ ቤት ማሽንም ሠራተኛም ነበረው፤ የጎደለው መዳብ ነበር። በዚሁ ጊዜ ታልቦት፣ አለምና ሊ የተባሉ የኒው ዮርክ ነጋዴዎች በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ያሠሩትን፣ 1794 እና 1795 የሚል ዓመት ያለበትን ቶከን አስመጥተው ያከፋፍሉ ነበር። በአንድ በኩል መርከብ፣ በሌላ በኩል የነፃነት ምስል ያለበት ጥሩ መዳብ ነበር። መንግሥት በ1795 ከ50 ሺህ በላይ የሚሆነውን ገዛና ዙሪያውን እየቆረጠ በላዩ የግማሽ ሳንቲም ማኅተም መታበት። በዚህ ምክንያት 1795 ወይም 1797 ተብለው በታተሙ አንዳንድ የአሜሪካ ግማሽ ሳንቲሞች ላይ የመርከቡ ገመድ ወይም የነጋዴዎቹ ስም ፊደላት እስከ ዛሬ ይነበባሉ። የሌላውን ሳንቲም ለራሱ ሲገለብጥ የነበረው ነጋዴው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን መንግሥት የነጋዴውን ቶከን የራሱ ገንዘብ አደረገው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ የአሜሪካ ሳንቲም ምረጥ ብባል ከብራሸር ወርቅ ይልቅ ይህን ግማሽ ሳንቲም እመርጣለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ቢቋቋምም የባዕዱ ብር አልወጣም። የ1793ቱ ሕግ የውጭ አገር ወርቅና ብር በሕጋዊ ገንዘብነት እንዲሠራ ፈቀደ። የሌሎቹ አገሮች ሳንቲም ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲቀር ታስቦ የነበረ ሲሆን የስፔኑ ብር ግን ከገደቡ ውጭ ነበር። ፈቃዱ እየታደሰ እስከ 1857 ዘለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክብደቱ ሙሉ የሆነው አዲሱ የአሜሪካ ብር ሲታተም ነጋዴ እየለቀመ ወደ ውጭ ይልከዋል ወይም ያቀልጠዋል፤ በ1804 የባለ አንድ ዶላሩ ብር መታተም የቆመው በዚሁ ነው። ያለቀው፣ ያነሰው፣ ምስሉ የጠፋው የስፔን ባለ 2 ሪያል ግን ከብሩ ዋጋ በላይ ስለሚቀበሉት ማንም አያቀልጠውም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል።

የነጋዴው ማኅተም የተስፋፋው በዚህ አፈር ላይ ነው። የንጉሡ ፊት ጠፍቶ ለስላሳ የሆነ ባለ 2 ሪያል ስም ለመምታት የተዘጋጀ ሰሌዳ ሆነ። አንጥረኛው የብር ማንኪያ ላይ ስሙን የሚመታበት የብረት ማኅተም ቀድሞም ነበረው፤ ሳንቲሙን በመስፍ ላይ አስቀምጦ አንዴ በመዶሻ መምታት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሳንቲሙ ለገበያ ሲወጣ ስሙም አብሮ ይወጣል፤ የጋዜጣ ማስታወቂያ ለአንድ ቀን ሲነበብ ይህ ግን ለዓመታት ይዞራል። የባልቲሞሩ ጄኮብ ሃውክ «ሁሉን ፈዋሽ» ያለውን መድኃኒቱን በ1830ዎቹ በአሜሪካ ግማሽ ዶላሮች ላይ እየመታ አስተዋወቀ። በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት በፒትስፊልድ የነበረው የጥርስ ሐኪም ዊልኪንስ ስሙን በትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ መታ። ፖለቲከኞችም ተከተሉ፤ በ1840ዎቹ የባሪያ ንግድና የመሬት ጥያቄ ሲግል መፈክር የተመታባቸው የመዳብ ሳንቲሞች በየመንደሩ ታዩ።

ኮሎምበስ ወደዚህ የንግድ መረብ የገባችው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1831 የኦሃዮና ኤሪ ቦይ ቅርንጫፍ ደረሰላት፤ በ1833 ከምሥራቅ የመጣው ብሔራዊ መንገድ ደረሰ። በሠረገላና በጀልባ ከሚመጣው ዕቃ ጋር የስፔን ሩብና ስምንተኛ ብርም መጣ፤ አሥራ ሁለት ሳንቲም ከግማሽ የሚለው ዋጋ የስፔኑ ባለ አንድ ሪያል ዋጋ ነበርና በአሜሪካ ሱቆች ውስጥ የተለመደ ነበር። በ1837 ባንኮች ወረቀታቸውን በብር መመንዘር ሲያቆሙ ደግሞ ዝርዝር እንደገና ጠፋ። ሰብሳቢዎች «የክፉ ቀን ቶከን» የሚሏቸው፣ በፕሬዚዳንት ጃክሰን ላይ የሚሳለቁና የሱቅ ማስታወቂያ የያዙ የመዳብ ቁርጥራጮች በዚያን ጊዜ በረከቱ። ላይማን ሎው በ1899 ባወጣው መዝገብ ቁጥር የተሰጣቸው እነሱ ናቸው፤ በብዛት በአዲስ መዳብ የታተሙ ስለሆኑ ከዚህ ቅኝት ዋና መስመር በጥቂቱ ይርቃሉ።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጠባይ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ባንክ በ1797 የንጉሡን ራስ በትንሽ ሞላላ ማኅተም በስፔን ብር ላይ መትቶ አወጣ፤ በ1804 ደግሞ የስፔኑን ብር ሙሉ በሙሉ እንደገና አተመው። የስኮትላንድ የጥጥ ፋብሪካዎች ስማቸውን በስፔን ብር ላይ እየመቱ ይጠቀሙበት ነበር። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዢ በ1813 40 ሺህ የስፔን ብሮችን መሐላቸውን አስበስቶ ከአንዱ ሁለት ሳንቲም አወጣ። የአንድ ኃያል መንግሥት ብር የዓለም ጥሬ ዕቃ ሲሆን፣ ዳር ያለው ሁሉ የራሱን ምልክት እየመታ የራሱ ያደርገዋል፤ የሁለተኛው ዘመን ጠቅላላ ገጽታ ይህ ነው።

ወደ ሦስተኛው ዘመን የመለወጫው ዓመት 1857 ነው፤ መንገዱ ግን በ1853 ተጠርጓል። በዚያ ዓመት ኮንግረስ የግማሽ ዶላሩንና የሌሎቹን ዝርዝር ብሮች ክብደት ስለቀነሰ ማቅለጥ ትርፍ አጣ፤ የአሜሪካ ዝርዝር በአገር ውስጥ መቆየት ቻለ። ከዚያ በኋላ በየካቲት 1857 የወጣው ሕግ የባዕድ ሳንቲምን ሕጋዊነት ሰርዞ የስፔኑ ሩብ በ20፣ ስምንተኛው በ10፣ አሥራ ስድስተኛው በ5 ሳንቲም እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ትልቁንም የመዳብ ሳንቲም አስቀረ። ግንቦት 25 ቀን 1857 በፊላደልፊያው ማተሚያ ቤት ግቢ አሮጌ መዳብና የስፔን ብር በአዲሱ ትንሽ ሳንቲም ለመለወጥ የመጣው ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ሠራ። የተሰበሰበው ቀለጠ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሳንቲም ሲጠፋ ያዩ ሰዎች ግን ማስቀመጥ ጀመሩ፤ የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢነት በሰፊው የተወለደው ከዚህ ነው። በ1858 በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ ማኅበራት ተመሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ቻርልስ ቡሽኔል የነጋዴ ካርድ የሚባሉትን የማስታወቂያ ቶከኖችና የፖለቲካ ቶከኖችን ዝርዝር አሳተመ።

አራት ዓመት ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። በ1861 መጨረሻ ባንኮች በብርና በወርቅ መክፈል አቆሙ፤ በ1862 ብሩ፣ ቀጥሎም ትንሿ ሳንቲም ሳትቀር በየቤቱ ተደበቀ። ሰው በፖስታ ቴምብር መገበያየት ጀመረ፤ ቴምብሩ በላብ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ነጋዴው እንደ ለመደው ገባበት። ከ1862 እስከ 1864 ባለው ጊዜ ሳንቲም የምታህል የመዳብ ቶከን በሚሊዮን እየታተመች ወጣች። በዚህ ሥራ ኦሃዮን የሚስተካከል ክፍለ ግዛት አልነበረም። በሲንሲናቲ ጆን ስታንተን፣ ዊልያም ላንፊርና ጄምስ መርዶክ የመሳሰሉት ማኅተም ቀራጮች ለጫማ ሻጩ፣ ለግሮሰሪው፣ ለቢራ ጠማቂው ሁሉ በትዕዛዝ ይሠሩ ነበር። የኮሎምበስ ነጋዴዎችም ስማቸውን የያዘ ቶከን ነበራቸው።

ከኮሎምበስ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ ሒልቶፕ በሚባለው ሰፈር፣ በ1861 ካምፕ ቼዝ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የወታደር ማሠልጠኛ፣ በኋላ የደቡብ ጦር ምርኮኞች ማጎሪያ ሆነ። ከ2 ሺህ በላይ ምርኮኞች የተቀበሩበት መካነ መቃብር ዛሬም በሰሊቫንት ጎዳና ላይ ይታያል። ክፍለ ጦሮቹን ተከትለው ትምባሆ፣ ብስኩትና ቁልፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች ለወታደሩ የሚሰጡት ቶከን ብዙው የተሠራው በእነዚያው የሲንሲናቲ ቀራጮች ነው። የክፍለ ጦሩ ቁጥር፣ የነጋዴው ስምና ዋጋው ይጻፍበታል፤ ደመወዙ ለወራት የዘገየ ወታደር በዚያች ቁራጭ ይበደራል። ካምፑ የተሰየመው በሳልመን ቼዝ ነው። ቼዝ ከ1856 እስከ 1860 የኦሃዮ ገዢ ሆኖ በኮሎምበስ ተቀመጠ፤ በ1861 የሊንከን የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፤ ምስሉም በ1862 በወጣው የአንድ ዶላር ወረቀት ላይ ታተመ። የግል ሳንቲምን የከለከሉት የሚያዝያና የሰኔ 1864 ሕጎች የወጡት እሱ በሚኒስትርነት ሳለ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ከክልከላው ጋር አዲስ የነሐስ ሳንቲምና ባለ ሁለት ሳንቲም ስላመጣ የነጋዴው ቶከን የሚያስፈልግበት ምክንያት ጠፋ።

ከእነዚህ ቶከኖች መካከል በአሜሪካ ሳንቲምና ዳይም በሚባለው ትንሽ የብር ሳንቲም ላይ የታተሙም አሉ። እነዚህ ለገበያ የወጡ አይደሉም፤ ቀራጮቹ ብርቅ ነገር ለሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ለይተው ያተሟቸው ናቸው። በችግር ምክንያት የተጀመረው በሳንቲም ላይ ማተም በዚህ ዘመን ለሰብሳቢ ደስታ መሠራት ጀመረ፤ ይህ ልዩነት ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም። የአክሱም ሳንቲም ከቆመ በኋላ፣ ሐረርን ለብቻ ብንተዋት፣ እስከ ምኒልክ ድረስ አገሪቱ የራሷ ሳንቲም አልነበራትም። 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማርትሬዛ ጠገራ ብር ትልቁን ክፍያ፣ አሞሌ ጨውና ጥይት ዝርዝሩን ያዙ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ የታተመ ብር፣ አላድና ግርሽ ቢያመጡም ገበሬው በማርትሬዛ ላይ ያለውን የእቴጌዋን ምስል አልለቅም አለ፤ የጌጧን ነጠብጣብ ቆጥሮ የሚቀበል ሰው በምኒልክ ብር ላይ ያለውን አንበሳ በአንድ ጊዜ አላመነም። ኢጣሊያ በ1918 ለኤርትራ ያተመችው አስመሳይ ብርም ተቀባይ አጣ። ማርትሬዛ በሒጃዝ የዐረብኛ ማኅተም፣ በሞዛምቢክ የፖርቱጋል ማኅተም ተመትቶበታል። በኢትዮጵያ የግሪክ ነጋዴዎች በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የራሳቸውን ቶከን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውጥተዋል፤ ያው የዝርዝር እጥረት ነው። በመጨረሻም በ1945 አዋጅ ጠገራ ብር ከሕጋዊነት ሲወጣ በምትኩ የመጣው ባለ 50 ሳንቲም ብር የተመታው አሜሪካ ባበደረችው ብር፣ በዚያው የነጋዴ ቶከን እየቆረጠ ግማሽ ሳንቲም ባተመው በፊላደልፊያው ተቋም ነው። የሁለቱ አገሮች የገንዘብ ታሪክ እዚያ ላይ ተገናኘ።

አራተኛው ዘመን የመዝገብና የማኅበር ነው። የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ዶክተር ቤንጃሚን ራይት በማኅበሩ መጽሔት ላይ ከ1898 እስከ 1901 የነጋዴ ካርዶችን ተራ በተራ ዘረዘረ። ማኅበሩ የ1907ቱን ጉባኤ ያካሄደው በኮሎምበስ ነው። ኤድጋር አዳምስ በ1920፣ ሔትሪክና ጉታግ በ1924 ቀጠሉ፤ ከዚያ አባትና ልጅ የሆኑት ፉልዶች የእርስ በርስ ጦርነቱን ቶከኖች ዛሬ በምንጠቀምበት ቁጥር ለዩ። በ1960 የቶከንና ሜዳሊያ ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት «ኮይን ወርልድ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ከኮሎምበስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በሲድኒ ከተማ መታተም ጀመረ። ግሪጎሪ ብረንክ በ1980ዎቹ የሰሜን አሜሪካን፣ ቀጥሎም የዓለምን የነጋዴ ማኅተሞች ሰብስቦ ሲያሳትም ቀደም ሲል «የተበላሸ ሳንቲም» ተብሎ የሚጣለው ሁሉ ቦታ አገኘ።

ቦታ ማግኘቱ ግን አስመሳይን አመጣ። የፊደል ማኅተም በማንኛውም ገበያ ይገዛል፤ ያለቀ የስፔን ብርም አይጠፋም። ጠንቃቃ ሰብሳቢ ፊደሉ ውስጥ ያለው ቀለም ከሳንቲሙ ፊት ጋር አብሮ ማርጀቱን ያያል፤ በጀርባው በኩል ምቱ የጠፈጠፈውን ቦታ በጣቱ ይዳስሳል፤ የተሸካሚው ሳንቲም ዓመት ከነጋዴው ዘመን የማይበልጥ መሆኑን ይቆጥራል። ሳንቲሙን አያጥብም፣ አይወለውልም፤ ያጠበው ሰው የመጀመሪያውን ማስረጃ በገዛ እጁ ፍቆታል። ይህን የምለው ለጠገራ ብርም ነው። በኮሎምበስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከአያት የወረሱት፣ ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ማርትሬዛ በብር ዋጋ ተመዝኖ እንዲቀልጥ መሰጠት የለበትም፤ የተበየደው ቀለበትና በአንጥረኛ የተመታው ምልክት የዚያ ብር ሁለተኛ ሕይወት ነው።

ሥራውም አላለቀም። በመዝገቦቹ ውስጥ ስማቸው ብቻ የሚታወቅ፣ ከተማቸውና ሙያቸው ያልተፈታ ብዙ መቺዎች አሉ። በግራንት ጎዳና ባለው የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማ አድራሻ መዝገቦች ይገኛሉ፤ የነዋሪው ስም፣ ሙያና ጎዳና በፊደል ተራ የተጻፈባቸው ናቸው። አንድ ሰብሳቢ ያለቀ ባለ 2 ሪያል ላይ ያነበበውን የቤተሰብ ስም ይዞ እዚያ ይቀመጣል፤ የሳንቲሙን ዓመት ተመልክቶ ከዚያ በፊት የወጡትን መዝገቦች ይተዋል፤ አንጥረኛ፣ ጠመንጃ ሠሪና ሰዓት ጠጋኝ የሚሉትን መስመሮች ለይቶ ይፈልጋል፤ ስሙን በሁለት ተከታታይ ዓመታት በአንድ ጎዳና ላይ ካገኘው ለማኅበሩ መጽሔት ይጽፋል።